የዓይን ሕክምና ጆርናል እንዴት ይነበባል? ከጨቅላ ሕፃናት ዓይነ ሥውርነት ታሪክ የተወሰደ ትምህርት



በግሩፖቻችን ውስጥ «ጥናት አረጋገጠ» የሚል መልእክት ሳይተላለፍ የሚያልፍ ሳምንት ጥቂት ነው። የስልክ ብርሃን ዓይን ያጠፋል፣ ይህ ቅጠል መነጽር ያስጥላል፣ ያኛው ጠብታ የዓይን ሞራ ይገፋል ይባላል። «ጥናቱ የት ወጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ከተገኘ መልሱ «በታወቀ ጆርናል» ነው፤ ክርክሩም እዚያው ላይ ያልቃል። እኔ ደግሞ ክርክሩ መጀመር ያለበት እዚያ ላይ ነው እላለሁ።

ይህን ለማሳየት ከዓይን ሕክምና ታሪክ አንድ ጉዳይ መርጫለሁ። በዚህ ጉዳይ መጀመሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ዓይናቸውን አጡ። ቀጥሎ ሌሎች ብዙ ሕፃናት ሕይወታቸውን አጡ። ሁለተኛው ጥፋት የመጣው በሐሰተኛ ጥናት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር፤ የመጣው ግን በትክክለኛ ጥናት ነው። እኔ የምህንድስና ተማሪ እንጂ የሕክምና ተማሪ አይደለሁም፤ ስለዚህ ትኩረቴ አነባበቡ ላይ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጽሑፉ ጆርናል ላይ እስኪወጣ

የዓይን ሕክምና የራሱ ጆርናሎች ካሉት ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል። የጀርመኑ ሐኪም አልብሬኽት ፎን ግሬፈ በ1854 ያቋቋሙት ዛሬም ይታተማል። «አሜሪካን ጆርናል ኦፍ ኦፍታልሞሎጂ» በ1884፣ «ብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ኦፍታልሞሎጂ» በ1917 ጀመሩ። አሠራሩ ዛሬ እንዲህ ነው። ተመራማሪው ጽሑፉን ለዋና አዘጋጁ ይልካል። አዘጋጁ መጀመሪያ ራሱ ያየዋል፤ ብዙው እዚህ ላይ ይመለሳል። ያለፈው በዚያው ሙያ ለሚሠሩ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይላካል። እነሱም ብዙውን ጊዜ ያለ ክፍያ ያነቡታል፦ አሠራሩ ትክክል ነው ወይ? ቁጥሩ ይበቃል ወይ? መደምደሚያው ከመረጃው በላይ አልሄደም ወይ? ጸሐፊው መልስ ይሰጣል፣ ያርማል፣ እንደገና ይልካል። የአቻ ግምገማ የምንለው ይህ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በብዙ ጆርናሎች የሚወስነው አዘጋጁ ብቻ ነበር። የውጭ ገምጋሚ መጠየቅ እየተለመደ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው።

መድረሳ የተቀመጠ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ሐዲስ ትዝ ይለዋል። አንድ ሐዲስ ሶሒሕ ለመባል ሰነዱ ያልተቆረጠ መሆን አለበት፤ ራዊዎቹ ዐዳላና ዶብጥ ሊኖራቸው ይገባል፤ ከጠንካሮቹ ዘገባዎች ያፈነገጠ ወይም ስውር ጉድለት፣ ማለትም ዒላ፣ ያለበት መሆን የለበትም። ገምጋሚውም የሚፈልገው ዒላውን ነው። ንጽጽሩ ግን ሩቅ አይወስደንም። የሐዲስ ራዊ ስሙ፣ ኑሮው፣ የማስታወስ ችሎታው ሁሉ በግልጽ ተጽፎለታል፤ የጆርናል ገምጋሚ ግን ብዙ ጊዜ ስሙ እንኳ አይታወቅም። ገምጋሚው ሕመምተኛውን አላየም፤ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ጸሐፊው ቁጥሩን ፈጥሮት ከሆነ ለማወቅ ይቸገራል። ስለዚህ «ተገምግሟል» ማለት «በሙያው ያሉ ሰዎች አንብበውት ግልጽ ስሕተት አላገኙበትም» ማለት ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ከዚህ አይበልጥም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዚህ በኋላ ለሚመጣው ቁልፉ እሱ ነው። ሐዲሱ ሶሒሕ መሆኑ ብቻ ፈትዋ ለመስጠት አያበቃም። ኡስታዞቻችን «ይህ ዓም ነው ወይስ ኻስ?» ብለው የሚጠይቁት ለዚህ ነው፦ ቃሉ ለሁሉም የተነገረ ነው ወይስ ለተወሰነ ሁኔታ? ከታች የምናየው በሺዎች የሚቆጠሩ ሐኪሞች አንድን ኻስ ዓም አድርገው ሲያነቡት የሆነውን ነው።

ከሌንሱ በስተጀርባ ያለው ነጭ ሽፋን

በ1942 በቦስተን የዓይን ሐኪም የነበሩት ዶክተር ቴዎዶር ቴሪ በ«አሜሪካን ጆርናል ኦፍ ኦፍታልሞሎጂ» ላይ ሁለት ገጽ ያህል አጭር ጽሑፍ አወጡ። ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ዓይን ውስጥ፣ ከሌንሱ በስተጀርባ፣ ነጭ ሽፋን አይተዋል። ሕፃናቱ አያዩም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሰበሰቧቸው ተመሳሳይ ሕፃናት ከመቶ በለጡ። እሳቸው በ1946 ሲሞቱ ምክንያቱ ገና አልታወቀም ነበር። በሽታው ዛሬ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሬቲና በሽታ ይባላል።

ነገሩን እንቆቅልሽ ያደረገው የሚበዛበት ቦታ ነው። ድሃ ሆስፒታሎች ውስጥ ብዙም አይታይም፤ አዲስ የሕፃናት ማሞቂያ ሳጥንና በቂ ኦክስጅን ያላቸው ዘመናዊ ሆስፒታሎች ግን በሽተኞቹ ይጎርፉባቸዋል። በአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ በዓለም ዙሪያ አሥር ሺህ ያህል ሕፃናት ዓይናቸውን እንዳጡ ይገመታል። ዘፋኙ ስቲቪ ወንደር ከእነሱ አንዱ ነው።

መላ ምቱ በዛ። ቫይታሚን ነው ተባለ፣ ብረት ነው ተባለ፣ ብርሃን ነው ተባለ። ከእነዚህ ሙከራዎች አንዱ ላይ ትንሽ እንቆይ። በኒውዮርክ የሕፃናት ሐኪሙ ዶክተር ዊሊያም ሲልቨርማን ኤሲቲኤች የሚባለውን ሆርሞን ሞከሩ። ከታከሙት 31 ሕፃናት 25ቱ ጥሩ እያዩ ወጡ። ሆርሞኑ ባልተሰጠበት ሌላ ሆስፒታል የነበሩት ጥቂት ሕፃናት ደግሞ አብዛኞቹ ታወሩ። ይህ በግሩፕ ቢተላለፍ «መድኃኒቱ ተገኘ» የማይል ማን አለ? ሲልቨርማንና ባልደረቦቻቸው ግን አላረፉም፤ ሕፃናቱን በዕጣ ለሁለት ከፍለው እንደገና ሞከሩ። ሆርሞኑ ከተሰጣቸው ሲሶ ያህሉ ታወሩ፤ ምንም ካልተሰጣቸው የታወሩት አንድ አምስተኛ ያህሉ ነበሩ። ሆርሞን በተሰጣቸው ዘንድ የሞቱትም በለጡ። መድኃኒት የመሰለው ነገር ጎጂ ነበር።

ታዲያ የመጀመሪያዎቹ 25 ሕፃናት በምን ዳኑ? መልሱ፣ የበሽታው የመጀመሪያ ምልክት ከታየባቸው ሕፃናት ብዙዎቹ ያለ ምንም ሕክምና በራሳቸው ይድናሉ። ማነጻጸሪያ ቡድን የሌለው ጥናት ይህን ሊያሳየን አይችልም። «እገሌ ጠጥቶ ዳነ» የሚባለው ሁሉ ጥያቄው ይኸው ነው፦ ያልጠጡትስ ስንቱ ዳኑ?

ኦክስጅኑ

በ1951 በሜልቦርን ዶክተር ኬት ካምቤል በሦስት ተቋማት የነበሩ ሕፃናትን አነጻጽረው፣ ኦክስጅን በብዛት በሚሰጥበት በሽታው እንደሚበዛ ጻፉ። በዋሽንግተን ደግሞ ገና በሥልጠና ላይ የነበሩት ወጣት የዓይን ሐኪም ዶክተር አርኖል ፓትዝ ከሕፃናት ሐኪሙ ከዶክተር ሊሮይ ሆክ ጋር ይህንኑ በሙከራ ሊፈትሹ ተነሡ። የገንዘብ ጥያቄያቸውን ያዩት የመንግሥት ገምጋሚዎች መጀመሪያ ውድቅ አደረጉት፤ ኦክስጅን መቀነስ ሕፃናቱን ይገድላል ብለው ፈርተው ነበር። ፓትዝ ከወንድማቸው ተበድረው ጀመሩ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። አንዳንድ ነርሶች ሌሊት ሌሊት ዝቅተኛ ኦክስጅን የተመደበላቸውን ሕፃናት በድብቅ ከፍ ያደርጉላቸው ነበር። በእኔ አስተያየት እነዚህን ነርሶች መውቀስ አይቻልም፤ ፊታቸው ላይ የተኛው ሕፃን ትንፋሽ አጥሮት እያዩ «ለጥናቱ» ብሎ ዝም ማለት ከባድ ነው። ውጤቱ በ1952 በዚያው ዶክተር ቴሪ ባሳተሙበት ጆርናል ወጣ። ብዙ ኦክስጅን ካገኙት 28 ሕፃናት 7ቱ በከባድ ደረጃ ታመሙ፤ ዝቅተኛ ካገኙት 37 አንድም አልነበረም።

አሠራሩም ብዙ ሳይቆይ ተገለጠ። በለንደን ፕሮፌሰር ኖርማን አሽተንና ባልደረቦቻቸው የድመት ግልገሎች ላይ ሠርተው በ1953 እና በ1954 በ«ብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ኦፍታልሞሎጂ» አወጡት። የሬቲና ደም ሥሮች ከዓይን ነርቭ ተነሥተው ወደ ዳር እያደጉ ይሄዳሉ፤ ዳር የሚደርሱት ሕፃኑ ሊወለድ ሲቃረብ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደው ሕፃን ሬቲናው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ብዙ ኦክስጅን ሲያገኝ ደም ሥሮቹ ይዘጋሉ፣ እድገታቸውም ይቆማል። ኋላ ወደ ተራው አየር ሲመለስ ደም ያልደረሰው የሬቲና ክፍል ይራባል፣ የድረሱልኝ ምልክት ይልካል፤ ለዚያ ምላሽ የሚበቅሉት ደም ሥሮች ሥርዓት የሌላቸው ናቸው። ይደማሉ፣ ጠባሳ ይሠራሉ፣ ጠባሳው ሲሸበሸብ ሬቲናውን ከመቀመጫው ይነቅለዋል። ቴሪ ያዩት ነጭ ሽፋን የዚህ ሁሉ መጨረሻ ነበር።

የፓትዝ ጥናት ትንሽ ስለነበር ትልቅ ተደረገ። ከሐምሌ 1953 ጀምሮ 18 የአሜሪካ ሆስፒታሎች ተባበሩ፤ ከ1,500 ግራም ያልበለጡ 786 ሕፃናት ገቡበት። የተወሰኑት እንደ ቀድሞው ብዙ ኦክስጅን፣ አብዛኞቹ ደግሞ የሚያስፈልጋቸውን ያህል ብቻ ተሰጣቸው። ከሦስት ወር በኋላ ብዙ ኦክስጅን መስጠቱ ጨርሶ ቆመ። ጠባሳ የቀረባቸው ከመጀመሪያው ቡድን 23 በመቶ፣ ከሁለተኛው 7 በመቶ ሆኑ። በሞት በኩል በሁለቱ መካከል የጎላ ልዩነት አልተገኘም። ውጤቱ በ1954 ተነገረ፤ ሙሉው ጽሑፍ በ1956 በአሜሪካው «አርካይቭስ ኦፍ ኦፍታልሞሎጂ» ወጣ።

ዓለም ተቀበለው። ኦክስጅን ከ40 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል ደንብ በየሆስፒታሉ ተሰራጨ። ዓይነ ሥውርነቱ ወደቀ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እስከዚህ ድረስ ነው፤ «ሳይንስ አሸነፈ» ተብሎ።

አንዷ ዓረፍተ ነገር

አሁን ወደ አሠራሩ ክፍል፣ እኛ ሜተዶሎጂ ወደምንለው፣ እንመለስ። ብዙዎቻችን የምንዘለው ክፍል ነው። በዚያ የ1956ቱ ጽሑፍ ውስጥ ሕፃናቱ ወደ ጥናቱ የሚገቡት ከተወለዱ ከ48 ሰዓት በኋላ እንደሆነ ተጽፏል። ምክንያቱ ለተመራማሪዎቹ ግልጽ ነው፦ ጥያቄያቸው ስለ ዓይን ነበር፤ በጣም ትንንሽ ሕፃናት ብዙዎቹ የሚሞቱት በመጀመሪያው ሁለት ቀን ነው፣ የሞተ ሕፃን ደግሞ ስለ ዓይን ምንም አይነግርም።

ስለዚህ «በሞት ልዩነት የለም» የሚለው ቃል ሙሉ ትርጉሙ «ሁለት ቀን አልፏቸው በሕይወት ከተገኙት መካከል በሞት ልዩነት አልተገኘም» ነው። ስለ መጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ጥናቱ አንዲት ቃል አልተናገረም። አንባቢዎቹ ግን ኦክስጅኑን የቀነሱት ከልደቱ ሰዓት ጀምሮ ነው። ኻሱን ዓም ያደረጉት እዚህ ላይ ነው። ሳንባው ገና ያልበሰለ ሕፃን ኦክስጅን እጅግ የሚያስፈልገው በእነዚያው ሰዓታት ነው።

በ1973 እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ምሁር ኬኔት ክሮስ በ«ላንሴት» አንድ ስሌት አወጡ። ኦክስጅን ከተገደበ በኋላ በመጀመሪያው ቀን የሚሞቱ ሕፃናትን ቁጥር ከዚያ በፊት ከነበረው አዝማሚያ ጋር አነጻጽረው፣ ዓይኑ ለተረፈለት ለእያንዳንዱ ሕፃን 16 ያህል ሕፃናት እንደሞቱ ገመቱ። ይህ ግምት ነው፤ የሕዝብ ቁጥር መዝገብ ላይ የተሠራ እንጂ የሙከራ ውጤት አይደለም፣ እኛም እንደዚያው አድርገን እንያዘው። ግን ግማሹ እንኳ እውነት ቢሆን አስቡት።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ የዋሸ ሰው የለም። የ1956ቱ ጸሐፊዎች 48 ሰዓቱን አልደበቁትም፣ ጽፈውታል። ገምጋሚ ቢጠየቅም «ከጥያቄያችሁ አንጻር አሠራሩ ልክ ነው» ከማለት ሌላ የሚለው ብዙም አይኖርም። ጉድለቱ የነበረው ከገጹ ወዲህ፣ በአንባቢው በኩል ነው። የፓትዝን ጥያቄ የመለሱት ገምጋሚዎች ፍርሃትም እንደገና ይታሰብ። ስለ ዓይኑ ተሳስተዋል፤ ስለ ትንፋሹ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። የተሸነፈን ሐሳብ ከነምክንያቱ መመዝገብ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል። ዑለሞቻችን በኺላፍ ኪታቦች የተሸነፈውን ሐሳብ ከነደሊሉ የሚጽፉት በከንቱ አይደለም።

አሁን የምህንድስና ነገር ላውራ፣ ታገሡኝ። የ40 በመቶው ደንብ የሚለካው ሳጥኑ ውስጥ ያለውን አየር ነው። ሬቲናውን የሚጎዳው ወይም አንጎሉን የሚያድነው ግን ደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ነው። ሳንባው ጤነኛ የሆነ ሕፃን በ40 በመቶ አየር ደሙ ውስጥ ከሚገባው በላይ ኦክስጅን ሊኖረው ይችላል፤ ሳንባው የታመመው በዚያው 40 በመቶ ታፍኖ ይሞታል። የሚገባውን እየለካህ የሚወጣውን ሳታይ የምትቆጣጠረው ሥርዓት፣ የኮንትሮል ትምህርት የወሰዳችሁ ታውቁታላችሁ፣ ግብረ መልስ የሌለው ሥርዓት ነው። ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ በ1970ዎቹ የፈለሰፉት፣ ዛሬ ጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ፣ ይህን ለወጠው። መለኪያው እስኪመጣ ሐኪሞቹ በጨለማ ይሠሩ ነበር ማለት ይቻላል።

መለኪያው ከመጣ በኋላስ ጥያቄው አለቀ? አላለቀም፤ ጠበበ እንጂ። በ2010 በ«ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከ24 እስከ 27 ሳምንት ባለው እርግዝና የተወለዱ 1,316 ሕፃናትን በዕጣ ከፈለ። የአንዱ ቡድን የደም ኦክስጅን ከ85 እስከ 89 በመቶ፣ የሌላው ከ91 እስከ 95 እንዲሆን ተደረገ። ዝቅ ባለው ቡድን በሕይወት ከወጡት መካከል ከባድ የሬቲና በሽታ ያገኛቸው 8.6 በመቶ፣ ከፍ ባለው 17.9 በመቶ ነበሩ። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው «ዝቅ ይበል» ይላል። የሚቀጥለው መስመር ግን ሞትን ይናገራል፦ ዝቅ ባለው 19.9 በመቶ፣ ከፍ ባለው 16.2 በመቶ። የቆየው ሚዛን አሁንም አለ፤ በአንዱ በኩል ዓይን፣ በሌላው በኩል ነፍስ። ዓይኑን በተመለከተ አሁን ሌላ መንገድም አለ፤ በሽታው በጊዜው ከታየ በሌዘርና በሌሎች ሕክምናዎች ብዙውን ማትረፍ ይቻላል። ነገር ግን መታየት አለበት፤ የሚታይበት ጊዜ ደግሞ የጥቂት ሳምንታት መስኮት ነው።

ይህ ነገር ወደ እኛ የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች የጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች እየበዙ ነው፤ ድሮ የማይተርፉ ትንንሽ ሕፃናት አልሐምዱሊላህ እየተረፉ ነው። የአሜሪካ መመሪያ ዓይናቸው እንዲመረመር የሚያዘው በዋናነት ከ1,500 ግራም ያልበለጡትን ወይም እስከ 30 ሳምንት ባለው እርግዝና የተወለዱትን ነው። መመሪያው የወጣው ግን ኦክስጅን እየተለካ ከሚሰጥባቸው ሆስፒታሎች በተገኘ መረጃ ነው። ፕሮፌሰር ክሌር ጊልበርትና ባልደረቦቻቸው በ2005 በ«ፒዲያትሪክስ» ጆርናል እንዳሳዩት፣ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ከባዱ በሽታ ከዚያ የከበዱና ከዚያ የቆዩ ሕፃናትንም ይይዛል። የአሜሪካውን ቁጥር እንዳለ ገልብጦ ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ ሆስፒታል አንዳንድ የሚታወሩ ሕፃናትን ሳይመረምር ወደ ቤት ይሸኛል ማለት ነው።

በሆስፒታል ልምምድ ላይ ያላችሁ የሕክምና፣ የነርሲንግና የኦፕቶሜትሪ ተማሪ እህት ወንድሞች፣ ይህን ጠይቃችሁ ለሚቀጥለው ሐለቃችን መልስ ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይለኛል፦ ኦክስጅን ላይ ቆይቶ የሚወጣን ሕፃን ዓይኑን የሚያየው ማነው? በስንተኛው ሳምንት? የክብደቱ ገደብስ ስንት ነው፤ ያ ቁጥር የመጣው ከየት ነው? የ2010ሩን ጽሑፍ ለማንበብ ለምትፈልጉ ደግሞ፣ ከአጭር መግለጫው በፊት ሠንጠረዦቹን እዩ፤ ሞቱና ዓይኑ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።